ቴርሞሜትሩ 110 እስኪል ብለው መርፌውን አይዝጉት

ጤና ይስጥልኝ። ጥያቄዎን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ሰንዳፋ እንደሚኖሩ፣ ዘመድዎ ከዱባይ ያመጡልዎት የአንድ ስምንተኛ ልክ ባጊ (በሪሞት የሚነዳ ትንሽ የመኪና ሞዴል) 3.5 ሲሲ የናይትሮ ሞተር እንዳለው፣ መርፌዎቹን (ወደ ሞተሩ የሚገባውን ነዳጅ የሚመጥኑትን የካርቡሬተር ብሎኖች) መመሪያው ባዘዘው ልክ ከፍተው ሲያስነሱት ግን በነጭ ጭስ ታፍኖ እየተንገዳገደ ሃምሳ ሜትር እንኳ በቅጡ እንደማይሄድ ጽፈዋል። ከዚያ የከፍተኛ ፍጥነቱን መርፌ ጥቂት በጥቂት ሲዘጉት እየተሻለው መጣ፤ ሙቀቱ ግን ከ88 ዲግሪ ሴልሺየስ አልፎ አያውቅም፤ መመሪያው ደግሞ ከ100 እስከ 115 መሆን አለበት ይላል። ጥያቄዎ እንግዲህ «110 እስኪደርስ ድረስ መዝጋቴን ልቀጥል ወይ?» የሚል ነው።

አይቀጥሉ። እንዲያውም አሁን ካለበት ትንሽ መልሰው እንዲከፍቱት ሳልመክርዎት አልቀርም፤ ይህን የምለው ግን ምክንያቱን ካስረዳሁ በኋላ ቢሆን ይሻላል፤ ምክንያቱ ከታወቀ ቁጥሩን ራስዎ ያገኙታልና።

መመሪያው የተጻፈው ከባሕር ጠለል ብዙም ከፍ በማይል ቦታ ለሚነዳ ሰው ነው። ሰንዳፋም ሆነ እኔ የምነዳበት የለገጣፎ ጀርባ ግን 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናቸው፤ በዚህ ከፍታ የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠለሉ በሩብ ያህል ያንሳል። ሞተሩ በእያንዳንዱ ዙር የሚስበው አየር በይዘት ያው ነው፤ በክብደት ግን ሩቡ የለም። ከመርፌው የሚወጣው ነዳጅ በዚያው ልክ ቢቀንስ ኖሮ ችግር ባልነበረ፤ ነገር ግን ነዳጁ የሚቀንሰው ከአየሩ ባነሰ መጠን ስለሆነ ድብልቁ ነዳጅ ይበዛበታል። በመጀመሪያው ቀን ያዩት ነጭ ጭስና መንገዳገድ ይኸው ነው፤ ሞተሩ ጉድለት የለበትም፣ ዘመድዎም አልተታለሉም።

ወደ ሙቀቱ ስንመጣ፣ ሞተሩ ውስጥ የሚገባው አየር ሲያንስ አብሮት የሚቃጠለው ነዳጅም ያንሳል፤ የሚቃጠለው ሲያንስ ሙቀቱም ያንሳል። በዚያ ላይ የሰንዳፋን ነፋስ ይጨምሩበት። ስለዚህ እዚህ አገር በትክክል የተስተካከለ ሞተር መመሪያው ከሚለው ቀዝቀዝ ብሎ ነው የሚሠራው። የእኔ ሞተር ደህና በሚሠራበት ቀን ከ92 እስከ 98 ባለው መካከል ይውላል፤ በኅዳር ጠዋት 85 ሲል አይቼውም አልደነገጥኩም። 110ን እዚህ ለማግኘት ያለው መንገድ ሞተሩን ነዳጅ ማሳጣት ብቻ ነው። ይህ ሞተር ደግሞ እንደ መኪና ሞተር ለብቻው የተቀመጠ ዘይት የለውም፤ የሚያለሰልሰው ዘይት ከሜታኖሉና ከናይትሮሜቴኑ ጋር ተቀላቅሎ የሚገባው ነው። ነዳጁን ሲያሳጡት ዘይቱንም አሳጡት ማለት ነው።

መሣሪያውም ራሱ ሙሉ በሙሉ አይታመንም። በኢንፍራሬድ ቴርሞሜትር የሚያብረቀርቅ አልሙኒየም ላይ ሲያነጣጥሩ ከእውነተኛው ሙቀት ዝቅ ያለ ቁጥር ይሰጣል፤ ከላይ ቀጥ አድርገው ወደ ግሎው ፕላጉ (ነዳጁን የሚያቀጣጥለው ባለ ሽቦ ቁራጭ) ጉድጓድ ካነጣጠሩ ይሻላል፤ ከሁሉ በላይ ግን ሁልጊዜ ከአንድ ቦታና ከአንድ ርቀት ይለኩ። አንዳንድ ሰው ደግሞ ቴርሞሜትር ሲያጣ የሞተሩ ራስ ላይ የውሃ ጠብታ ጣል አድርጎ ስንት ሰከንድ እንደምትቆይ ይቆጥራል። ይህም ለእኛ አገር ሲሆን መስተካከል አለበት፤ በእኛ ከፍታ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ስለሆነ (ባቄላችን ቶሎ የማይበስለውም በዚሁ ነው) ጠብታዋ ቶሎ ተንጫጭታ ስትጠፋ ሞተሩ ከልክ በላይ የጋለ ሊመስል ይችላል። ቴርሞሜትሩን አይጣሉት፤ የትናንቱን ከዛሬው ለማወዳደር በጣም ይጠቅማል፤ ልኩን የሚነግርዎት ግን ጭሱና ድምፁ ነው።

ይህን የተማርኩት ሞተር አቃጥዬ ነው። አንድ ጥር ላይ ለገጣፎ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሞተሬን እጅግ አሳምሬ አስተካክዬ፣ በማግስቱ ከጓደኛዬ ጋር በፈጣን መንገዱ ወደ አዳማ ወረድን። አዳማ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ናት። አየሩ ከለገጣፎ በአንድ አሥረኛ ያህል ይወፍራል፤ ሙቀቱ ከዚያ ላይ ጥቂት ቢቀንስለትም ልዩነቱ አይጠፋም። አንድም መርፌ ሳልነካ አስነሣሁት። ጭስ አልነበረውም፤ ድምፁ ቀጭንና የጠራ ሆነ፤ ፍጥነቱም ከትናንቱ ይበልጥ ነበር፤ እኔም ሞኝ «አዳማ ተስማማው» ብዬ ተደሰትኩ። ሦስተኛው ሰልባቲዮ (የነዳጅ ታንክ) ሲጋመስ ቀጥታው መጨረሻ ላይ እንደ ሻማ ጥፍት አለ። ቮላኖውን (ከሞተሩ ጋር የሚዞረውን ክብ ብረት) በጣቴ ሳዞረው ቀድሞ ላይኛው ጫፍ ላይ ሲደርስ የሚይዘኝ ነገር የለም፤ ዝም ብሎ ይዞራል። ግሎው ፕላጉን ስፈታው ሽቦው የለም። ራሱን ከፍተን ስናየው የፒስተኑ አናት በአሸዋ የተፈተገ ይመስል ግራጫ ሆኗል፤ የሽቦዋም ቁራጭ ፒስተኑ ላይ ተጣብቃ ቀርታለች። ፒስተኑንና ስሊቩን (ፒስተኑ የሚመላለስበትን ቱቦ) ከእነ ቢየላው (ፒስተኑን የሚይዘው ዘንግ) መቀየር ግድ ሆነ፤ ዕቃው እስኪመጣም አራት ወር ጠበቅሁ። ያ ሁሉ የሆነው ሩብ ዙር እንኳ መርፌውን ባለመክፈቴ ነው።

ይህ ወደ ቆላ ለሚወርድ ሰው ብቻ የሚሠራ አይደለም። በእርስዎ ሜዳም ላይ ቢሆን በስምንት ሰዓት ፀሐይ የተስተካከለ ሞተር በማግስቱ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ ነዳጅ ያጥረዋል፤ ቀዝቃዛ አየር ወፍራም ነውና። በጠዋት ሲነዱ ከፈት፣ ቀኑ ሲሞቅ ዘጋ ማድረግን ልማድ ያድርጉት።

አሁን ወደ ሥራው። አብዛኛው ሰው የሚሳሳተው በቅደም ተከተሉ ነው፤ እርስዎም ከጽሑፍዎ እንደተረዳሁት ሞተሩ ቆም ሲል እየጠፋ ስላስቸገረዎት ሚኒሞውን (ነዳጅ መስጫው ሳይነካ ሞተሩ የሚዞርበትን ፍጥነት) ከፍ አድርገውታል። ይህ የዝቅተኛ ፍጥነቱን መርፌ ጥፋት ይሸፍናል እንጂ አያስተካክለውም። ስለዚህ ሚኒሞውን መልሰው ዝቅ ያድርጉት፤ ፊልትሮውን አንሥተው የካርቡሬተሩን አፍ ሲያዩ፣ ነዳጅ መስጫው ሙሉ በሙሉ ተዘግቶ ሳለ የሚቀረው ክፍተት ከአንድ ሚሊሜትር መብለጥ የለበትም። ከዚህ በፊት ግን አየር የሚያስገባ ቀዳዳ አለመኖሩን ያረጋግጡ፤ የካርቡሬተሩ አንገት፣ የሰልባቲዮው ክዳን ላስቲክ፣ ከማርሚታው (ከጭስ ማውጫው) ወደ ሰልባቲዮው የሚሄደው የግፊት ቱቦ። ከእነዚህ አንዱ የሚያፈስ ከሆነ ቀኑን ሙሉ ካቻቢቴ ይዘው ቢውሉ ሞተሩ በቃኝ አይልም።

ከዚያ ሞተሩ ሦስት አራት ደቂቃ ሮጦ በደንብ ይሙቅ። በቀዝቃዛ ሞተር ላይ የተደረገ ማስተካከያ ሁሉ ከንቱ ነው። መጀመሪያ የሚነካው የከፍተኛ ፍጥነቱ መርፌ ነው። ቀጥ ባለ ሜዳ ላይ ሁለት ሦስት ጊዜ ሙሉ ነዳጅ ሰጥተው ያስሩጡት። ከኋላው ቀጭን፣ የማይቋረጥ ሰማያዊ ቢጤ ጭስ መከተል አለበት። ጭሱ ወፍራም ከሆነና ድምፁ ጉሮሮው እንደ ተያዘ ሰው ከሆነ መርፌውን በሰዓት ገጽ ላይ ከአንዱ ቁጥር ወደ ቀጣዩ እንደሚሄደው ያህል፣ ማለትም የዙሩን አንድ አሥራ ሁለተኛ ብቻ ይዝጉ፤ ከዚያ በላይ በአንድ ጊዜ አይዝጉ። ከእያንዳንዱ ንክኪ በኋላም ለውጡ እስኪታይ ሁለት ዙር ይንዱት። ፍጥነቱ መጨመሩን ሲያቆም እዚያ ላይ ይቁሙና በአንድ ቁጥር መልሰው ይክፈቱት። የቀጥታው መጨረሻ ላይ ጉልበቱ ድንገት ከወደቀ ወይም ጭሱ ጨርሶ ከጠፋ ግን አልፈዋል፤ ወዲያው ያቁሙትና በሁለት ቁጥር ይክፈቱ።

የዝቅተኛ ፍጥነቱ መርፌ ተራ የሚደርሰው ከዚህ በኋላ ነው። ሞተሩ እንደሞቀ በሚኒሞ እየሠራ ሳለ ወደ ካርቡሬተሩ የሚገባውን የነዳጅ ቱቦ በጣትዎ ጨመቅ አድርገው ይያዙትና ይቁጠሩ። ሦስት ወይም አራት ሰከንድ ቆይቶ፣ ድምፁ ጥቂት ከፍ ብሎ ከጠፋ ልክ ነው። ወዲያው ጥፍት ካለ ነዳጅ አጥሮታል፤ ረጅም ጊዜ ቆይቶ፣ ድምፁም በጣም እየጮኸ ሄዶ ከጠፋ ሆዱ ውስጥ የተጠራቀመ ነዳጅ አለ ማለት ነው። ለማረጋገጥ ያህል አሥር ሰከንድ በሚኒሞ አቁመው ድንገት ሙሉ ነዳጅ ይስጡት። ጭስ እየተፋ እንደ ሰነፍ ቢነሣ በዝቶበታል፤ ያለ ጭስ ቀጥ ብሎ ቢጠፋ አንሶታል። ሌላው ለጆሮ ቀላል የሆነ ምልክት፣ ከሩጫ ሲመለስ ወደ ሚኒሞ ቶሎ አለመውረዱ ነው፤ መኪናው ቆሞ ሞተሩ ለጥቂት ሰከንድ ሲጮህ ከቀረ ወይ ነዳጅ አጥሮታል ወይ አየር ይገባል። እንደ እኔ ግምት የእርስዎ ሞተር አሁን ያለበት ሁኔታ ይኸው ነው፤ ላይኛውን (የከፍተኛ ፍጥነቱን) መርፌ ደጋግመው ስለዘጉት ሮጦ ሲመጣ ይጮኻል፣ የታችኛው ደግሞ ከፋብሪካው እንደመጣ ስላለ ቆም ሲል ይታፈናል። ሁለቱ ተቃራኒ በሽታዎች አንድ ሞተር ላይ ሲሆኑ ያደናግራሉ።

ስለ ግሎው ፕላግ ጥቂት ልበል። መኪና ላይ ካንዴላው በየቃጠሎው በኤሌክትሪክ ብልጭ ይላል፤ እዚህ ግን ባትሪው ከተነሣ በኋላ ሽቦውን አግሎ የሚያቆየው በፕላቲኑም ሽቦውና በሜታኖሉ መካከል የሚፈጠረው ኬሚካዊ ሥራና የቃጠሎው ሙቀት ነው። በእኛ ስስ አየር ኮምፕሬሽኑም (ፒስተኑ አየሩን የሚያምቅበት ኃይል) ሙቀቱም ስለሚያንስ ፕላጉ እየበረደ ያስቸግራል፤ ስለዚህ መመሪያው ካዘዘው አንድ ደረጃ ሞቃት የሚባለውን ዓይነት መጠቀም ይረዳል። ናይትሮሜቴን በውስጡ ኦክስጅን ይዞ ስለሚገባ ከ20 ወደ 25 በመቶ ከፍ ማድረግም ከጠፋው ጉልበት ጥቂቱን ይመልሳል። ነገር ግን ናይትሮው ሲጨምር መርፌውን መክፈት እንደሚያስፈልግ አይርሱ። ከራሱ ሥር ያለችውን ስስ ጓርኒሲዮን ቀንሶ ኮምፕሬሽን መጨመርም አለ፤ እሱን ግን መርፌዎቹን በደንብ እስኪለምዱ ድረስ ይተዉት።

የጠዋቱ ብርድ ሌላ ነገር ነው። የነዚህ ሞተሮች ስሊቭ ወደ ላይ ሲሄድ ስለሚጠብ በበረደ ጊዜ ፒስተኑ ላይኛው ጫፍ ላይ ይጣበቃል፤ አስገድደው ከጎተቱት ቢየላውን ይጎዱታል። እኔ ቤት ውስጥ በፀጉር ማድረቂያ አሙቄው በፎጣ ጠቅልዬ ይዤ እወጣለሁ፤ ባለቤቴ ማድረቂያውን ፍለጋ ከገባች ቅዳሜ መሆኑን ታውቃለች። አቧራውን ግን ከብርዱ በላይ ይፍሩት። በበጋ የሰንዳፋ ሜዳ ላይ የፊልትሮው ስፖንጅ በፊልትሮ ዘይት ሳይርስ አንድ ቀን መንዳት ብቻ ፒስተኑን ያሳሳዋል። ሲጨርሱም ሰልባቲዮውን ባዶ አድርገው፣ ሞተሩ ውስጥ ያለውን አቃጥለው ጨርሰው፣ ጥቂት ዘይት ጠብ ያድርጉበት፤ ሜታኖል እርጥበት ስለሚስብ ኩሽኔታዎቹን ያዝጋቸዋል።

አንድ ነገር ደግሞ ሳልጠቅስ ማለፍ አልችልም። እኛ አገር ቤንዚን በቱቦ ከአፍ ስቦ መቅዳት የተለመደ ነው። ይህን ነዳጅ በፍጹም እንዲህ እንዳያደርጉት፤ ሜታኖል ጥቂቱ እንኳ ከተዋጠ ዓይን ያጠፋል፣ ይገድላልም። ነበልባሉም በፀሐይ ብርሃን አይታይም፤ ልጆች አብረው ካሉ ነዳጅ ሲሞሉ ራቅ ይበሉ።

ለቅዳሜ እንግዲህ እንዲህ ያድርጉ። የላይኛውን መርፌ በሁለት ቁጥር ከፍተው ይጀምሩ፤ ሚኒሞውን ያውርዱ፤ የታችኛውን በጭመቃው ይፈትኑ። ሁለት ሰልባቲዮ ከነዱ በኋላ ሞተሩን ከሩጫው ሳያበርዱ አጥፍተው ግሎው ፕላጉን ይፍቱትና ሽቦውን በብርሃን ይዩት። ጥምዝምዙ ሳይዛባ የሚያብረቀርቅና እርጥብ ያለ ከሆነ ቴርሞሜትሩ 88ም ይበል 95 መርፌውን አይንኩት፤ ግራጫ ሆኖ ከተጣመመ ግን በዚያው ቀን ይክፈቱት።