ዕቃው የት ይድረስልኝ? ከሰሜን ሸዋ አንባቢያን ለቀረቡ ጥያቄዎች የተሰጡ መልሶች

በስልክ አዝዞ ዕቃውን በአቅራቢያ ካለ መረከቢያ ቦታ ስለ መውሰድ ከዞናችን ከተሞች በርከት ያሉ ጥያቄዎች ደርሰውኛል። የቤት ቁጥር ይዞ በር የሚያንኳኳ አድራሽ በአብዛኛው በሌለበት፣ ፖስታም ቢሆን ከድሮ ጀምሮ በአብዛኛው ወደ ሳጥን ቁጥር እንጂ ወደ ቤት በማይሄድበት አገር፣ ገዢና ሻጭ የሚገናኙት በሱቅ፣ በመናኸሪያ፣ በፖስታ ቤት መስኮት ወይም በዕቃ መላኪያ ቢሮ ነው። ብዙ ሰው የሚጋራቸውን ጥያቄዎች አሳጥሬ ከዚህ በታች አቅርቤያለሁ። ስለ ቦታ ምርጫና ስለ ቅድሚያ ክፍያ በሰፊው የጻፍኩት አንባቢያን አብዝተው ገንዘባቸውን ያጡት በእነዚህ በሁለቱ ስለሆነ ነው።

ጥያቄ፦ የምኖረው በመርሐቤቴ ዓለም ከተማ ነው። በአንድ የገበያ መተግበሪያ ላይ ከመረከቢያ ቦታዎች ዝርዝር ውስጥ «ሰሜን ሸዋ» የሚለውን መረጥኩ። ዕቃው ደብረ ብርሃን መድረሱ ሲነገረኝ ለመጓጓዣ የማወጣው ገንዘብ ከዕቃው ዋጋ ጋር ሊስተካከል ሆነ። ሌላ ጊዜ ምን ላድርግ?

መልስ፦ በመጀመሪያ ሰሜን ሸዋ የሚባሉ ዞኖች ሁለት መሆናቸውን ልብ ማለት ያስፈልጋል። አንደኛው በአማራ ክልል ያለውና ዋና ከተማው ደብረ ብርሃን የሆነው ነው፤ ሁለተኛው በኦሮሚያ ክልል ያለውና ዋና ከተማው ፍቼ የሆነው ነው። የዞን ስም ብቻ የሚያሳይ ዝርዝር ሲገጥምዎ ከተማው ተለይቶ እስኪጻፍልዎ ድረስ ትእዛዙን አያጽድቁ። ለደብረ ብርሃን ታስቦ ፍቼ የወረደ ዕቃ፣ ለፍቼ ታስቦ ደብረ ብርሃን የተራገፈ ዕቃ ባለቤቱን ብዙ ያንከራትታል።

ከዚህ የሚበልጠው ጉዳይ ግን መረከቢያ ቦታ መመረጥ ያለበት በዞን ሳይሆን በመኪና መንገድ መሆኑ ነው። ደብረ ብርሃን ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በደሴ መንገድ ላይ የምትገኝ ስለሆነች ለጫጫ፣ ለአንኮበር፣ ለደብረ ሲና፣ ለሸዋ ሮቢትና ለአጣዬ ሰው ትመቻለች፤ ከጣርማ በር ወደ መንዝ ለሚገነጠለውም ብትሆን ከመንገዱ የወጣች አይደለችም። ወደ ዓለም ከተማ የሚሄደው መኪና ግን ከአዲስ አበባ የሚወጣው በፍቼ መንገድ ሲሆን ከሙከጡሪ ተገንጥሎ፣ ለሚ ከተማን አልፎ፣ የጀማ ወንዝን ሸለቆ ተሻግሮ ነው የሚደርሰው። የምንጃር አረርቲ ነዋሪም በሞጆ በኩል የሚመጣ መንገድ ስላለው የደብረ ብርሃን መረከቢያ አይጠቅመውም። ስለዚህ የእርስዎ ዕቃ ደብረ ብርሃን ሄዶ ከሚቀመጥ ወደ ዓለም ከተማ ለሚሄደው መኪና እዚያው አዲስ አበባ እንዲሰጥ ወይም በመንገድዎ ላይ በምትገኘው በሙከጡሪ እንዲወርድ ሻጩን ይጠይቁ። ይህንን የማይቀበል ሻጭ ከሆነ ለመመላለሻ የሚያወጡትን በዋጋው ላይ ደምረው ከዓለም ከተማ ሱቆች ዋጋ ጋር ያነጻጽሩ። ማስታወቂያው «ማድረሻ በነፃ» ቢልም፣ ነፃ የሆነው እስከ መረከቢያው ያለው ጉዞ ብቻ ነው።

ጥያቄ፦ በቴሌግራም የሚሸጥ ነጋዴ ሙሉ ክፍያውን ካስገባሁለት በኋላ ጫማውን በመኪና ረዳት በኩል ወደ ደብረ ሲና እንደሚልክልኝ ነገረኝ። ልመነው?

መልስ፦ ከመታመን በፊት የሚታዩ ነገሮች አሉ። ክፍያውን የሚቀበለው ሒሳብ በማን ስም ነው? በድርጅቱ ስም ከሆነ ወይም ነጋዴው በቴሌብር የነጋዴ መለያ የሚቀበል ከሆነ ቢያንስ የሚጠየቅ አካል አለ። የሱቁ ስም ሌላ፣ የሒሳቡ ባለቤት ስም ሌላ ሆኖ ሲገኝ፣ በተለይ ደግሞ «የወንድሜ ነው»፣ «የጓደኛዬ ነው» የሚል ማብራሪያ ሲጨመርበት፣ እኔ ብሆን እዚያው አቆማለሁ። አንዴ ወደ ግለሰብ ሒሳብ የገባ ገንዘብ ተቀባዩ ካልፈቀደ በቀላሉ የሚመለስ አይደለም።

ሁለተኛው ጉዳይ የክፍያው አከፋፈል ነው። ቀብድ ሰጥቶ ቀሪውን ዕቃው ሲደርስ መክፈል ከአያቶቻችን ጀምሮ የኖረ የገበያ ልማድ ነው፤ በስልክ ግብይት የሚቀርበት ምክንያት የለም። ሻጩ «ብልከው ቀሪውን ሳትከፍለኝ ብትቀርስ?» ብሎ ቢሰጋ ስጋቱ ተገቢ ነው፤ የማጓጓዣውንና ጥቂት ተጨማሪ ገንዘብ አስቀድመው ቢከፍሉት፣ ቀሪውን ደግሞ ለመረከቢያ ቢሮው ሰጥተው ዕቃውን ቢረከቡ ሁለታችሁም ትጠበቃላችሁ። ይህ እንዲሆን ግን በመካከል ገንዘብ የሚሰበስብ ቢሮ ያስፈልጋል፤ የመኪና ረዳት ይህንን ኃላፊነት እንዲሸከም መጠበቅ ለራሱም ለረዳቱ አይበጅም።

ሦስተኛው የአላላኩ ነገር ነው። ተቀባዩ፣ የዕቃው ዓይነትና ዋጋ የተጻፈበት ደረሰኝ በሚሰጥ የዕቃ መላኪያ በኩል እንዲላክ ይጠይቁ፤ ዋጋው ባልተጻፈበት ደረሰኝ ዕቃው ቢጠፋ ስለ ካሳ መከራከር ከባድ ነው። ከረዳት በቀር አማራጭ ከሌለ የመኪናውን የሰሌዳ ቁጥር፣ የሾፌሩን ስልክ፣ የተነሳበትን ሰዓት፣ እንዲሁም ታሽጎ ሳለ የተነሳ የዕቃውን ፎቶ ያስልኩ። መኪናው እስከ ደሴ የሚዘልቅ ከሆነ ደብረ ሲና ላይ የሚያቆመው ለጥቂት ደቂቃ ስለሆነ ቀድመው ደርሰው ይጠብቁ፤ ያልተነሳ ዕቃ ከመኪናው ጋር አልፎ ይሄዳልና።

በመጨረሻም የተነጋገራችሁት ሁሉ ማስረጃ መሆኑን አይርሱ። የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205/2012 በኤሌክትሮኒክ መንገድ የተለዋወጡት መልእክት ኤሌክትሮኒክ በመሆኑ ብቻ ሕጋዊ ዋጋ እንዳያጣ ደንግጓል። ችግሩ በቴሌግራም የግል መልእክት ላይ አንደኛው ወገን የተጻፈውን ከሁለቱም ስልክ ማጥፋት መቻሉ ነው። ስለዚህ ዋጋው፣ የዕቃው መግለጫና የመላኪያ ስምምነቱ የሰፈረበትን ገጽ ክፍያ ከመፈጸምዎ በፊት ስክሪንሾት አድርገው ያስቀምጡ። ከዚህ ሁሉ አንዱንም የማይቀበል ሻጭ ጫማው የቱንም ያህል ቢያምር ይቅርብዎ።

ጥያቄ፦ አዲስ አበባ ሆኜ ለእናቴ ብርድ ልብስና ማሞቂያ አዘዝኩላት። በመንዝ መሐል ሜዳ ከተማ ሆና እርሷ ትረከበው ወይስ ዘመድ ልላክ? አንድ ሰው ደውሎላት በስልኳ የገባውን ቁጥር እንድትነግረው ስለጠየቃት ፈርታለች።

መልስ፦ እናትዎ መፍራታቸው ትክክል ነው፤ ቁጥሩን ባይነግሩት ጥሩ አደረጉ። ዕቃውን ለመውሰድ በስልክ የሚላክላቸው የመረከቢያ ኮድ ለአስረካቢው የሚነገረው በመረከቢያው ቦታ፣ ዕቃውን ፊት ለፊት እያዩ ነው፤ በስልክ ለሚደውል ሰው አይነገርም። የባንክ ወይም የቴሌብር የይለፍ ቁጥርና በአጭር መልእክት የሚመጣው የማረጋገጫ ቁጥር ደግሞ ለማንም፣ ለእርስዎም ጭምር፣ መነገር የለበትም። አታላዮች «ዕቃዎ ደርሷል፣ አሁን የገባውን ቁጥር ያንብቡልኝ» የሚሉት ብዙ ጊዜ የዕቃ ኮድ ሳይሆን የሰውየውን ሒሳብ በሌላ ስልክ የሚከፍት ቁጥር ለማግኘት ነው። መልእክቱ ከማን እንደመጣና ስለ ምን እንደሚናገር ፊደል የቆጠረ ሰው አጠገባቸው ሆኖ ያንብብላቸው።

ማን ይረከብ ለሚለው፣ ትእዛዙ ላይ የሚጻፈው ስም በመታወቂያ ላይ ካለው ስም ጋር አንድ መሆኑ ዋናው ነው። እናትዎን ሰፈሩ የሚያውቃቸው በቤት ስማቸው ሊሆን ይችላል፤ የቀበሌው ወይም የፋይዳው መታወቂያ ግን የሚያውቀው የመዝገብ ስማቸውን ነው። ዘመድ የሚልኩ ከሆነ ከመጀመሪያው የተረካቢውን ስምና ስልክ በዘመዱ ስም ያስይዙ፤ ዕቃው ከደረሰ በኋላ ተወካይ ማስለወጥ ጊዜ ይፈጃል። ከመንገዱ ርቀት አንጻር፣ ማሞቂያውን የመሰለ ሊሰበር የሚችል ዕቃ በእናትዎ ትከሻ ሳይሆን በጎልማሳ እጅ ቢሄድ ይሻላል።

ጥያቄ፦ ሸዋ ሮቢት ላይ ስልክ ስረከብ «ሳትፈርም አይከፈትም» ተባልኩ። ፈርሜ ቤቴ ስከፍተው ካዘዝኩት የተለየ ሆነ። መብቴ ምንድን ነው?

መልስ፦ የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 በገዛው ዕቃ ላይ ጉድለት ያገኘ ሸማች ከግዢው ቀን ጀምሮ በ15 ቀናት ውስጥ ዕቃው እንዲለወጥለት ወይም ዋጋው እንዲመለስለት መጠየቅ እንደሚችል ይደነግጋል። ቀኑ የሚቆጠረው ከግዢው ስለሆነ ዕቃው በመረከቢያ ቦታ ተቀምጦ የሚቆይባቸው ቀናት የሚቀነሱት ከእርስዎ ጊዜ ላይ ነው፤ መድረሱ እንደተነገረዎ ሄደው ቢወስዱ የሚጠቀሙት እርስዎ ነዎት። ፊርማዎ ጥቅሉን መቀበልዎን እንጂ በውስጡ ያለውን መርምረው መውደድዎን እንደማያሳይ ይጠቅሱና ለሻጩ ዛሬውኑ በጽሑፍ ያሳውቁ። ደረሰኙን አይጣሉ፤ ነጋዴ ደረሰኝ የመስጠት ግዴታ አለበት።

ለወደፊቱ፣ አስረካቢው መክፈት ከከለከለ በፊርማዎ ጎን «ሳይከፈት የተረከብኩት» ብለው ይጻፉ፤ ይህንን የሚከለክል ሕግ የለም። ከዚያም ከመረከቢያው ሳይርቁ፣ ሌላ ሰው ቪዲዮ እየቀረጸ፣ እሽጉ ሳይነካ ከሚታይበት ጀምረው ይክፈቱ። ስልክ ከሆነ *#06# ብለው ሲደውሉ የሚመጣው ባለ 15 አሃዝ ቁጥር በካርቶኑ ላይ ከተጻፈው ጋር አንድ መሆኑን ያረጋግጡ። የቀለም ምርጫ መቀየር ግን ጉድለት አይደለም፤ በዚህ ረገድ የሚገዛዎ ከሻጩ ጋር ያደረጉት ስምምነት ነው።

ጥያቄ፦ መተግበሪያው «እስከ ኦክቶበር 12፣ 2 ሰዓት» አለኝ። ብሄድ ተዘግቶ አገኘሁት።

መልስ፦ መተግበሪያዎች ብዙ ጊዜ የሚሠሩት በፈረንጅ አቆጣጠር ነው። ኦክቶበር 12 ቀን 2025 በእኛ ጥቅምት 2 ቀን 2018 ነው፤ ከሰዓት በኋላ 2 ሰዓት የተባለውም የእኛ ቀን 8 ሰዓት ነው። ለመረከቢያው ደውለው «በእኛ አቆጣጠር ስንት ሰዓት ትዘጋላችሁ? እሑድና በበዓል ትሠራላችሁ?» ብሎ መጠየቅ ይህንን ይፈታል።

ጥያቄ፦ ደብረ ብርሃን ላይ ሱቅ አለኝ። አንድ ድርጅት ሱቄን የዕቃ መረከቢያ እንዳደርገው ጠየቀኝ። ምን ልጠንቀቅ?

መልስ፦ ለሱቅዎ አዲስ ደንበኛ የሚያመጣ ሥራ ስለሆነ በጎ ነው፤ ነገር ግን በቃል ብቻ አይቀበሉት። በ1952 የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ስለ አደራ የሚደነግግ ሲሆን የሰው ዕቃ ለመጠበቅ የተቀበለ ሰው ጠብቆ የመመለስ ግዴታ አለበት። በውሉ ላይ ለአንድ ዕቃ የሚከፈልዎ፣ ያልተወሰደ ዕቃ ስንት ቀን እንደሚቆይና ከዚያ በኋላ ማን እንደሚያነሳው፣ ቢሰረቅ ወይም በጎርፍ ቢበላሽ ማን እንደሚከፍል፣ የሰበሰቡትን ገንዘብ መቼ እንደሚያስረክቡ ይጻፍ። ገንዘብ የሚቀበሉ ከሆነ ደንበኛ የሚያሳይዎትን ስክሪንሾት አይመኑ፤ የተቀነባበረ ሊሆን ስለሚችል ገንዘቡ በእርስዎ ሒሳብ መግባቱን ራስዎ ይዩ።

በመዝገብ ላይ የገባበትን ቀን፣ የጥቅሉን ቁጥርና ሁኔታ፣ የተረካቢውን ስምና ፊርማ ያስፍሩ። መታወቂያን አይቶ መመለስ ይበቃል፤ የሰዎችን መታወቂያ በስልክዎ ፎቶ እያነሱ አያከማቹ። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል፤ ለሥራው ከሚያስፈልገው በላይ የሰው መረጃ መሰብሰብ ራስን ለተጠያቂነት መዳረግ ነው።

ጥያቄ፦ ከቻይና ያዘዝኩት ዕቃ በፖስታ ይመጣል ተብሏል። የት እንደደረሰ በምን አውቃለሁ? ስረከብስ ይከፈላል?

መልስ፦ በዓለም አቀፍ ፖስታ የሚላክ የተመዘገበ ጥቅል 13 ምልክቶች ያሉት መከታተያ ቁጥር አለው፤ ሁለት የላቲን ፊደላት፣ ዘጠኝ አሃዞች፣ በመጨረሻ ላኪውን አገር የሚያሳዩ ሁለት ፊደላት። ይህ ቅርጽ የሌለው ቁጥር ከተሰጠዎ ዕቃው በሌላ የመላኪያ ድርጅት የተላከ ሊሆን ስለሚችል ፖስታ ቤት ከመሄድዎ በፊት ሻጩን ይጠይቁ። ቀረጥን በተመለከተ ጉምሩክ የሚያሰላው በዕቃው ዋጋ ላይ ማጓጓዣውንና ኢንሹራንሱን ጨምሮ ነው፤ ከጉምሩክ ቀረጡ ሌላ 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስም አለ። የክፍያ ማስረጃዎን ይዘው ይቅረቡ።

ጥያቄ፦ የሞባይል ዳታ ሲቋረጥ ኮዱን እንዴት ላሳይ?

መልስ፦ ኮዱ በአጭር መልእክት እንዲላክልዎ ሲያዝዙ ይምረጡ፤ በመተግበሪያ ውስጥ ብቻ ከሆነ እንደደረሰዎ በወረቀት ይጻፉት። ክፍያውም ቢሆን ያለ ዳታ በ*127# የቴሌብር አገልግሎት መፈጸም ይቻላል። ከቤት ከመውጣትዎ በፊት የመረከቢያውን ስልክ ቁጥር በስልክዎ ላይ ይመዝግቡ።