ዲከረንስ ማለት ምን ማለት ነው?

ወንድሜ፣ «ዲከረንስ የሚለው ስም ከየት መጣ? ሳይንሳዊ ስምስ ለእኛ ለገበሬዎቹ ምን ይጠቅመናል?» ብለሃል። እዚሁ ጎጃም፣ አዊ ውስጥ ችግኝ ጣቢያ ብዙ ዓመት ሠርቻለሁና የማውቀውን ልንገርህ።

ፋግታ ለኮማ ላይ ትልቅ ትንሹ «ዲከረንስ» የሚለው ዛፍ ሙሉ ስሙ አካሽያ ዲከረንስ ነው። አገሩ አውስትራሊያ ነው። ዲከረንስ ላቲን ሲሆን «ወደ ታች የሚወርድ» ማለት ነው። ለጋ ቅርንጫፉን ያዝና በጣትህ ዳስሰው። ከቅጠሉ መነሻ ጀምሮ ወደ ታች የሚወርድ፣ እንደ ልብስ ስፌት ጎላ ያለ መስመር ታገኛለህ። ስሙ የወጣለት በዚያ ነው።

ጥቅሙን የተማርኩት ተሳስቼ ነው። አንድ ዓመት «የአካሽያ ዘር» ብዬ ብቻ አዘዝኩ። ሲበቅል እንደ ግራር ደቃቅ ቅጠል ስላወጣ ማንም አልጠረጠረም። እያደገ ሲሄድ ግን አዲሱ ቅጠል ረዘመ፣ የባሕር ዛፍ ቅጠል መሰለ። ለካስ ሳሊግና ነው! እሱም አካሽያ ነውና የላኩት ሰዎች አልዋሹም። ለከሰል የሚሆን ዲከረንስ እተክላለሁ ብሎ መሬቱን ያዘጋጀ ገበሬ ፊት መቆሙ ግን እስከ ዛሬ ይከብደኛል።

አካሽያ የወገኑ ስም ነው። ዲከረንስ ሲጨመርበት ዝርያው ይለያል። የመጀመሪያውን ብቻ መጥራት አሥር ልጅ ካለበት ቤት ሄዶ «የእገሌን ልጅ ጥሩልኝ» እንደ ማለት ነው። ይህን የሁለት ስም አጠራር ለዕፅዋት ሁሉ የዘረጋው ስዊድናዊው ሊኒየስ ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1753። ከወገን በላይ አስተኔ (የሚዛመዱ ወገኖች ቤተሰብ)፣ ክፍለ መደብ፣ መደብ እያለ እስከ ትልቁ ክፍል፣ እስከ ስፍን ይወጣል። ለገበሬ የምትጠቅመው አስተኔዋ ናት። ዲከረንስ ከባቄላና ከአተር ጋር አንድ አስተኔ ነው። ችግኙን ነቅለህ ሥሩን እየው፤ እንደ ባቄላው ሥር ትንንሽ እባጮች አሉት። መሬት የሚያዳብረውን ናይትሮጅን ከአየር የሚይዙ ባክቴሪያዎች እዚያ ውስጥ ይኖራሉ።

አንድ ነገር ግን ቅር ይለኛል። የእኛው ግራርም ድሮ አካሽያ አቢሲኒካ ነበር። ወገኑ ሲከፋፈል፣ እ.ኤ.አ. በ2005 ቪየና ላይ በተደረገው የዕፅዋት ተመራማሪዎች ጉባኤ አካሽያ የሚለው ስም ለአውስትራሊያዎቹ እንዲቀር ተወሰነ፤ በ2011 ሜልቦርን ላይ ጸና። መጤው ስሙን ይዞ ቀረ፣ የአገሩ ዛፍ ቫቼሊያ አቢሲኒካ ተባለ። የቆየ መጽሐፍ ላይ አካሽያ አቢሲኒካ የሚል ብታገኝ ያው ግራራችን ነው፤ ዘር ስታዝ ግን አዲሱን ስም ከነድሮው ጻፍላቸው።