በሳነቴ ውርጭ ያየኋት የቀይ ቀበሮ ግልገል

ጥያቄ፦ ባለፈው ታኅሣሥ በባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ፣ በሳነቴ አምባ ላይ በማለዳ ስናልፍ፣ ሣሩ በውርጭ ነጥቶ ሳለ አንዲት ጠቆር ያለች የቀይ ቀበሮ ግልገል ጉድጓዷ አፍ ላይ ብቻዋን ኩርምት ብላ አየሁ። ዳቦ ልወረውርላት ስል አስጎብኚያችን ከለከለኝ። እናቷ ጥላት ሄዳ ይሆን? ያንን ብርድስ እንዴት ትችለዋለች?
አንባቢ፣ ከአዳማ

መልስ፦ ውድ አንባቢያችን፣ እናቷ ጥላት ሄዳለች ብለው አይዘኑ። በቀይ ቀበሮ መንጋ ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ የምትወልደው አንዲት ዋና ሴት ስትሆን፣ የመውለጃዋም ጊዜ በአብዛኛው ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ፣ ማለትም ክረምቱ ወጥቶ ሰማዩ ሲጠራና የሌሊቱ ቁር ሲበረታ ነው። ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍታ ባለው በሳነቴ ቅዝቃዜው ከዜሮ በታች እስከ 15 ዲግሪ ሊወርድ ይችላል። ትልልቆቹ ይህን ሌሊት ሜዳ ላይ ተጠቅልለው፣ አፍንጫቸውን በጭራቸው ሸፍነው ያድራሉ፤ ጉድጓድ የሚያስፈልገው ለአራሷና ለግልገሎቿ ነው። ያዩት ጥቁረትም የሕፃንነት ፀጉሯ ነው።

አይጥና ፍልፈል የሚወጡት ፀሐይ መሬቱን ስታሞቀው በመሆኑ፣ መንጋው የሚያድነው ቀን ቀን ነው። ከአደን የተመለሰ ሁሉ፣ አባትም ይሁን ታላቅ እህት፣ ግልገሏ አፉን ስትልሰውና በአፍንጫዋ ስትጎነትለው የዋጠውን ሥጋ መልሶ ያጎርሳታል። ብርዱን የምትችለው በዚህ ነው።

እኔን ከብርዱ ይልቅ የሚያስፈራኝ ውሻ ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 በዚሁ ፓርክ ውስጥ ባለው በዌብ ሸለቆ ከውሾች የተዛመተው የእብድ ውሻ በሽታ በዚያ ከነበሩት ቀበሮዎች ከአራት እጅ ሦስቱን ያህል ፈጅቷል። ከኢትዮጵያ ውጭ በየትም የማይገኘው፣ ለአካለ መጠን የደረሰው ቁጥሩ 500 እንኳ የማይሞላው ይህ እንስሳ እንዲህ ሲመናመን፣ የሚያጎርስና ጉድጓድ የሚጠብቅ ይጠፋል፤ ያን ጊዜ ውርጩ በእርግጥ ግልገሏን ይገድላታል።

አስጎብኚዎ መከልከላቸው ተገቢ ነበር። እናቲቱ ሰው ሲቀርባት ከተረበሸች ግልገሎቿን አንድ በአንድ ተሸክማ፣ አንዳንዴ ከአንድ ኪሎ ሜትር በላይ ርቃ፣ ወደ ሌላ ጉድጓድ ልታዛውራቸው ትችላለች፤ በዚያ ማለዳ ብርድ ይህ ለሕፃን ግልገል ከባድ ጉዞ ነው። ሌላ ጊዜ ሲሄዱ ከመኪናዎ ሳይወርዱ በሩቅ ማሳያ መነጽር ይመልከቷት፤ የተረፈዎትን ምግብም ውሻ እንዳይስብ ይዘውት ይመለሱ።