የሰውነት ፍሬን፦ ስለ ጄምስ አሊሰንና ስለ ካንሰር ጥያቄና መልስ

ሰላም ጎረቤቶች። ባለፈው ስለ ጄምስ አሊሰን ትንሽ ጽፌ ብዙ ጥያቄ መጣ። ዛሬ አመሻሹን ቁጭ ብዬ የቻልኩትን እመልሳለሁ። ያደግኩት ደሴ ነው። ሥራዬ ላብራቶሪ ውስጥ፣ በሽታ የሚከላከሉ ሴሎች ላይ ነው። ሐኪም አይደለሁም፤ መድኃኒት አላዝም። ከክትባቱ በስተቀር ዓመቶቹ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

የሐይቅ ልጅ፦ ጋሼ፣ ሰውየው ማን ነው? ያገኘውስ ምንድን ነው?

መልስ፦ ይሄን ጥያቄ ስጠብቅ ነበር። አሊሰን በ1948 ቴክሳስ ውስጥ አሊስ በምትባል ትንሽ ከተማ ተወለደ። ገና ልጅ ሳለ እናቱ ሊምፎማ በሚባል የንፍፊት ካንሰር ሞተችበት። ኋላ ወንድሙንም ካንሰር ወሰደው። ወደ ምርምር የገባው ግን ካንሰርን ላጥፋ ብሎ አይደለም። ቲ ሴል የሚባለው የነጭ ደም ሴል እንዴት እንደሚሠራ ማወቅ ፈልጎ ነው።

ቲ ሴልን እንደ መኪና አስቡት። የማስነሻ ቁልፍ አለው፤ ባዕድ ነገር ሲያገኝ ይነሳል። ነዳጅ መስጫ አለው፤ ሲዲ 28 ይባላል። ፍሬን አለው፤ ሲቲኤልኤ 4 ይባላል። ከደሴ የሐረጎን ቁልቁለት ይዞ ወደ ኮምቦልቻ የወረደ ሰው ፍሬን የሌለው መኪና ምን እንደሚያመጣ አይጠፋውም። ሰውነትም ፍሬን ባይኖረው ቲ ሴል የራሳችንን አንጀትና ጉበት ያጠቃል።

ያኔ ሲቲኤልኤ 4 ሌላ ነዳጅ መስጫ ነው የሚሉ ነበሩ። አሊሰንና ጄፍሪ ብሉስቶን በየላብራቶሪያቸው ፍሬን መሆኑን አሳዩ። አሊሰን እዚያ ላይ አላቆመም። ይሄ ፍሬን ቢለቀቅ ቲ ሴሉ ዕጢውን ይመታው ይሆን ብሎ ጠየቀ። በ1994 መጨረሻ ዕጢ ላለባቸው አይጦች ፍሬኑ ላይ ተጣብቆ የሚያሰናክል አንቲቦዲ የሚባል ፕሮቲን ተሰጠ። ዳኑ። እሱ ግን አላመነም። የትኛው አይጥ ምን እንደተሰጠው ለካዩ ሳይነገረው ይደገም አለ። ሙከራውን የሚሠራው ባልደረባው ለገና በዓል ሊሄድ ስለነበር ራሱ ቁጭ ብሎ ዕጢ ይለካ ጀመር። መጀመሪያ ሁሉም ዕጢ አደገ። ተስፋ ቆረጠ። ከዚያ የግማሾቹ፣ አንቲቦዲውን ያገኙት አይጦች ዕጢ ቆመ፣ እየሟሸሸ ሄደ፣ ጠፋ። ይሄን ታሪክ ስንቴ እንደተናገርኩት እንጃ፤ አሁንም ሰውነቴን ይነዝረኛል።

የመርሳ ልጅ፦ ለካንሰር ጥሩ ነገር ምንድን ነው?

መልስ፦ የምን ካንሰር? የት ቦታ ያለ? እንዲህ ተጠይቆ አይመለስም። ለሁላችሁም ግን አንድ ነገር ልበል። አዲስ እብጠት ካለና ካልጠፋ፣ ሳይውል ሳያድር ሐኪም ይየው። ሐኪሙ ናሙና ይወሰድ ካለ ይወሰድ።

የኮምቦልቻ ሹፌር፦ ስለ ሐረጎ ካነሳህ ልናገር። በፍሬን ብቻ አይወረድም። በማርሽ ነው የሚወረድ።

ቶሳ፦ እሱ ለከባድ መኪና ነው። ለሚኒባስ ፍሬኑ ይበቃዋል።

የኮምቦልቻ ሹፌር፦ ወላሂ አይበቃም! ፍሬን ይግላል። ከጋለ አይዝም። 20 ዓመት ተመላልሼበታለሁ።

ቶሳ፦ እኔም እዚያው ነው ያደግኩት። ፍሬኑ ደህና ከሆነና ሹፌሩ ከተረጋጋ ምንም አይሆንም።

መልስ፦ ወንድሞቼ፣ ይሄን ሌላ ቀን ጨርሱት። ሹፌሩ ግን ጥሩ ነገር አስታወሰኝ። ሰውነታችንም ፍሬኑ አንድ ብቻ አይደለም። ጃፓን ኪዮቶ ውስጥ ታሱኩ ሆንጆ በ1992 ፒዲ 1 የሚባለውን አገኘ። እሱም ፍሬን መሆኑ ኋላ ታወቀ። ሲቲኤልኤ 4 በዋናነት ቲ ሴሉን ገና ሲነሳ፣ ንፍፊቱ ውስጥ ይይዘዋል። ፒዲ 1 ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚይዘው ዕጢው ዘንድ ከደረሰ በኋላ ነው። ብዙ ዕጢዎች ይሄን ያውቁበታል፤ ቲ ሴሉ ሲደርስ ፍሬኑን ይረግጡበታል። በ2018 አሊሰንና ሆንጆ ኖቤልን አብረው ተሸለሙ።

የወልዲያ ተማሪ፦ የሰውነትን መከላከያ ካንሰር ላይ ማስነሳትን ከአሊሰን በፊት ያሰበው አልነበረም?

መልስ፦ ነበር። ዊልያም ኮሊ የሚባል የኒውዮርክ ቀዶ ሐኪም በ1891 ለካንሰር በሽተኞች ባክቴሪያ መውጋት ጀምሯል። አንዳንዶቹ ተሻላቸው። ለምን እንደተሻላቸው ግን የሚያስረዳ አልነበረም።

ቶሳ፦ ጥቁር አዝሙድና ማር የመከላከል አቅም ይጨምራል። አያቴ በዚያ ነው ረጅም ዕድሜ የኖረች።

እናት ከባቲ፦ የኔም አክስት ትጠጣ ነበር። ሐኪም ቤት መሄዱን ትታ ጠጣች። ሞተችብን።

ቶሳ፦ አላህ ይማራት። እኔ ሕክምናውን ተዉት አላልኩም።

መልስ፦ እትዬ፣ ነፍሷን ይማር። ቶሳ፣ ማሩን ለምግብነት ብላው። ግን ነገሬን ከሥሩ ያዙልኝ። ካንሰር የያዘው ሰው መከላከያው ሁልጊዜ ደክሞ አይደለም። ብዙ ጊዜ ጉልበት እያለው ተይዞ ነው። ፍሬን የተያዘ መኪና ላይ ነዳጅ ብትጨምሩ አይሄድም። ስለዚህ «አቅም ይጨምራል» እየተባለ በብልቃጥ የሚሸጠውን ሁሉ አትመኑ። እብጠት ካለ ሐኪም ይየው። ናሙና ይወሰድ።

የኮምቦልቻ ሹፌር፦ አዲሱ መድኃኒት ሁሉንም ያድናል?

መልስ፦ አያድንም። ከአሊሰን ሥራ የተወለደው መድኃኒት ኢፒሊሙማብ ነው። አሜሪካ ውስጥ የተፈቀደው በ2011፣ ሜላኖማ ለሚባለው የቆዳ ካንሰር ነው። ከአይጦቹ እስከዚያ 16 ዓመት ገደማ አለፈ፤ መጀመሪያ ብዙ ኩባንያዎች አልፈለጉትም ነበር። በሽታው ተሰራጭቶ ይሄን መድኃኒት ከወሰዱት ከ5ቱ 1 ያህሉ 3 ዓመትና ከዚያ በላይ ኖረዋል። ከዚያ በፊት ብዙዎቹ ዓመትም አይሞሉ ነበር። ፍሬን ሲለቀቅ ግን አደጋ አለው። አንጀት፣ ጉበት፣ ሳንባና አንገት ላይ ያለው፣ ታይሮይድ የሚባለው ጤነኛ ዕጢ ሊቆጡ ይችላሉ። በሐኪም ክትትል ብቻ ነው የሚሰጠው።

ቶሳ፦ ዋጋው ስንት ነው?

መልስ፦ በጣም ውድ ነው። ዝርዝሩን የካንሰር ሐኪም ጠይቅ።

እናት ከባቲ፦ ለልጄ ትምህርት ቤት ክትባት ሊሰጧት ነው። ያመክናል ይባላል። እውነት ነው?

መልስ፦ እውነት አይደለም፣ እትዬ። የማኅፀን በር ካንሰር የሚመጣው በአብዛኛው ኤችፒቪ ከሚባል ቫይረስ ነው። 16 እና 18 የሚባሉት ዓይነቶች ብቻቸውን 70 በመቶውን ያመጣሉ። ክትባቱ ሰውነቷ ቫይረሱን ከወዲሁ እንዲያውቀው ያደርጋል፤ ኋላ ቢመጣ ሥር ሳይሰድ ይመታዋል። በሀገራችን በ2011 ዓ.ም. 14 ዓመት ለሞላቸው ልጃገረዶች መሰጠት ጀመረ። እኔ አሊሰንን እወዳለሁ፤ ከሱ መድኃኒት ይልቅ ግን ለልጅዎ ይሄ ይቀድምብኛል። እባክዎ ያስከትቧት።

የመርሳ ልጅ፦ ጋሼ አልመለስክልኝም። ለካንሰር ምን ይሻላል?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ሁለት ጊዜ ጻፍኩ። ማን ነው የታመመው? ምን አለበት? ከመቼ ጀምሮ?

የመርሳ ልጅ፦ እናቴ ናት። ጡቷ ላይ እብጠት ወጣ። አራት ወር ሆነው። አያማትም። ስላላመማት አልሄደችም።

መልስ፦ ይቅርታ አድርግልኝ፤ ተቆጣሁህ። አለማመሙ ደህና ነው ማለት አይደለም። ካንሰር ላይሆንም ይችላል፤ ግን ሳይታይ አይታወቅም። እኔ የጻፍኩት መድኃኒት ሁሉ ለእሷ አሁን ጥያቄው አይደለም። መጀመሪያ ሐኪም ይያት፣ ናሙና ይወሰድ። ከዚያ በፊት ቅጠልም ቅባትም አታስሩበት።

የመርሳ ልጅ፦ ነገ በመጀመሪያው መኪና ደሴ ይዣት እመጣለሁ።

መልስ፦ አብሽር። የነበራትን የሕክምና ወረቀት ሁሉ ያዝ። የምትወስደው መድኃኒት ካለ ከነካርቶኑ አምጣው። ስትደርሱ ጻፍልኝ።