ደመወዙ እኩል ከሆነ ፍትሐዊ ነን ማለት ነው?

ጥያቄ፦ በኬሚስትሪ ትምህርት ክፍላችን ከ28 መምህራን ሴቶቹ 4 ናቸው። በተመሳሳይ ማዕረግ ደመወዛቸው ከወንዶቹ እኩል ነው። ይህ ይበቃል?

መልስ፦ አይበቃም። ደመወዝ በማዕረግ ከተወሰነ እኩል መሆኑ የሚጠበቅ ነው፤ ማዕረጉ ራሱ ዘግይቶ ከተሰጠ ግን ልዩነቱ ይደበቃል። ስለዚህ ከዶክትሬት እስከ ተባባሪ ፕሮፌሰርነት ስንት ዓመት እንደፈጀ ለእያንዳንዱ መዝግቡ። ቀጥሎ የእያንዳንዱን ላብራቶሪ ስፋት ለኩ፤ በአሜሪካው ኤምአይቲ ዩኒቨርሲቲ ባዮሎጂስቷ ናንሲ ሆፕኪንስ በሜትር ለክተው በወንዶችና በሴቶች መካከል ያገኙት ልዩነት እ.ኤ.አ. በ1999 ስለ ዩኒቨርሲቲው የሳይንስ ሴት መምህራን ለወጣው ሪፖርት መንገድ ጠርጓል። የምርምር ገንዘብ፣ የማስተማር ጫና፣ የኮሚቴ ሥራም ይቆጠር (ኮሚቴውን ማንም አይቆጥረውም!)። በ4 ሰው መቶኛ አታውጡ፤ አንዷ ብትለቅ 25 በመቶ ይወርዳል። ይልቁንም የ10 ዓመቱን ቅጥርና መልቀቂያ አሰባስባችሁ ተመልከቱ።