ሴት ልጅ ለዘንዶ መስጠት ከየት መጣ ለሚለው

እህቴ፣ ቅዱስ ጊዮርጊስ ከዘንዶ ያዳናት የብሩታዊት ታሪክ ከኛ ወጣ ወይስ ከፈረንጅ መጣ ብለሽ ለጠየቅሽው፣ ኮሜንቱ ላይ ያለውን ጭቅጭቅ ሳየው ዝም ማለት አቃተኝ። እኔ ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ቁጭ ብዬ በፍየል ቆዳ ባህላዊ ሥዕል እየሳልኩ ፒያሳ ላሉ ሱቆች የማስረክብ ሰው ነኝ፣ ዘንዶ ሳልስል ያለፈ ሳምንት ትዝ አይለኝም።

የኛው አርዌ የሚባለው ዘንዶ ነው። አክሱም ላይ ነግሦ ሕዝቡ ከብቱንና ሴት ልጁን ይገብርለት ነበር ይባላል፣ አጋቦስ መርዝ ያበላትን ፍየል አብልቶ ገደለውና እሱ ነገሠ፣ ከዛ ልጁ ማክዳ (ንግሥተ ሳባ) ወረሰች። እዚህ ዘንዶው ራሱ ንጉሥ ነው እኮ፣ ልጅቷ ደሞ ግብር፤ እኔ እንደሚመስለኝ ስለ እባብ ሳይሆን ስለ ጨካኝ ገዢ ነው የሚያወሩት። ሰሜን ላይ በሚነገረው ደሞ ለዘንዶው ትሰጥ ተብላ ዛፍ ላይ የታሰረችው ራሷ እቴ አዜብ፣ ማለትም ንግሥተ ሳባ ናት፣ ቅዱሳን መጥተው ሲገድሉት ደሙ ተረከዟ ላይ ጠብ ብሎ እግሯ የአህያ ሆነባት።

የጊዮርጊሱ መንገድ ሌላ ነው። አትቆጡኝና (ሚያዝያ 23 ንግሥ የማልቀር ሰው ነኝ) የጥንቶቹ ገድሎች ላይ ስቃዩ እንጂ ዘንዶ የለም፣ ዘንዶው የገባው ከ11ኛው ክፍለ ዘመን ወዲህ ነው። ታዲያ ከየት አገኙት? ቦታውን እዩት። ግሪኮች አንድሮሜዳ የምትባል ልጅ አለቻቸው፣ እናቷ ከባሕር ቆነጃጅት እንበልጣለን ብላ ስለፎከረች የባሕሩ አምላክ አውሬ ላከ፣ ልጅቷን ድንጋይ ላይ በሰንሰለት አሰሩለት፣ ፐርሲየስ የሚባል ጀግና ደርሶ አዳናት። አባቷ የኢትዮጵያ ንጉሥ ነው ይላሉ፣ ግን "በቃ የኛ ነው" ያልከው ወንድሜ ቀስ በል፣ ለግሪክ ከግብፅ በታች ያለ የጥቁር አገር ሁሉ ኢትዮጵያ ነው። ድንጋዩን ደሞ ሲያሳዩ የነበረው ኢዮጴ ነው፣ የዛሬዋ ጃፋ። ሐዋርያት ሥራ 9 ላይ ልዳ ለኢዮጴ ቅርብ ናት ይል የለ፣ የጊዮርጊስ መቃብር ያለው እኮ ልዳ ነው! ዘንዶው የነበረባት ቤሩትም እዛው ዳርቻ ላይ ናት። የዛ አገር ሰዎች ድሮ ባሕሩን ራሱን "ያም" ብለው እየጠሩ እንደ አምላክ ይፈሩት ነበር፣ ግብፅ የተገኘ ከ3000 ዓመት በላይ የሆነው ጽሑፍ ላይ አማልክቱ ለባሕሩ ግብር ሲልኩ ይዛ የምትሄደው አስታርቴ የምትባል ሴት አምላክ ናት፣ እሱም ይባስ ብሎ እሷን ስጡኝ ይላል። ስለዚህ እኔን ከጠየቅሽኝ ዘንዶው መጀመሪያ ባሕር ነው።

ለኛ የቀረልን ዛፉ ነው። ፈረንጅ ብሩታዊትን መሬት ላይ ያቆማታል፣ እኛ ዛፍ ላይ እናወጣታለን፣ ከእቴ አዜብ ዛፍ ይሆናል እያልኩ አስባለሁ። ባለፈው አንድ ደንበኛ ዛፍ ላይ ምን ትሠራለች አውርዳት አለኝ፣ ሂሳቡን ቀድሞ ስለከፈለ ፈረሱ አጠገብ አወረድኳት፣ ዛፉን ማጥፋት ግን ረስቼ ባዶውን ቆሞ ሄደለት።