«አዎ» ከማለትሽ በፊት ቅጂ አውጪ

እህቴ፣ አብሽሪ። ጥያቄሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ኮምቦልቻ ቤትሽ ያለው ባለ ሁለት ዲስክ የኔትወርክ ማከማቻ መብራት ሄዶ ከመጣ ወዲህ «ቮልዩሙ ተበላሽቷል» ይልሻል። ፎልደሮቹ አይከፈቱም፤ የአባትሽ ፎቶዎችና የልጆችሽ ቪዲዮ ያሉት ደግሞ እዚያ ብቻ ነው። አንዱ «ፎርማት አድርጊው» ብሎሻል፣ ሌላው «የጥገና ትዕዛዝ ስጪና ለሚጠይቅሽ ሁሉ አዎ በይ» ብሎሻል። ሁለቱንም አታድርጊ። የሁለተኛው መጨረሻ ምን እንደሆነ በራሴ ደርሶ አይቼዋለሁ።

ደሴ ትንሽ ፎቶ ቤት አለኝ። ማከማቻዬ ላይ የደንበኞች የሠርግ ፎቶ ነበር፤ ከሱ ጎን ደግሞ የአጎቴን የመንዙማ ካሴቶች አንድ በአንድ ገልብጬ አስቀምጬ ነበር። አንድ የክረምት ሌሊት መብራቱ በሩብ ሰዓት ውስጥ ሦስት ጊዜ ሄዶ መጣ። ጠዋት ያገኘሁት አንቺ ያገኘሽውን ነው። ለባለሙያ ሰጠሁት፤ እሱም ዲስኮቹ ላይ በቀጥታ፣ ምንም ቅጂ ሳያወጣ፣ ጥገናውን «ለሁሉም አዎ» ብሎ ለቀቀው። ማታ ሲመልስልኝ ማከማቻው ይከፈታል፣ ፎልደሮቹ ግን የሉም። «ሎስት ኤንድ ፋውንድ» የሚል አንድ ፎልደር ውስጥ ስም የሌላቸው፣ ቁጥር ብቻ የተለጠፈባቸው ሦስት ሺህ ያህል ፋይሎች ተከምረው ነበር።

ለምን እንደዚህ እንደሆነ የገባኝ ቆይቶ ነው። ፋይል ሲስተም እንደ መጋዘን መዝገብ ነው። እህሉ ጎተራው ውስጥ አለ፤ የቱ የማን እንደሆነና የት እንደተቀመጠ የሚናገረው መዝገቡ ነው። መብራት ድንገት ሲቋረጥ ብዙ ጊዜ የሚጎዳው መዝገቡ እንጂ እህሉ አይደለም። ብዙ የቤት ማከማቻዎች የሚጠቀሙበት ፋይል ሲስተም፣ ኤክስት 4፣ «ጆርናል» አለው፤ መዝገቡን ከመንካቱ በፊት ሊጽፍ ያሰበውን በማስታወሻ ይይዛል፣ መብራት ሲመጣ ከዚያ ያሟላል። ስንት ጊዜ መብራት ሄዶብን ምንም ያልሆነው በዚህ ነው። ግን ዲስኩ ራሱ «ጻፍኩት» ብሎ ገና በውስጥ ሜሞሪው የያዘው ነገር ካለ፣ መብራቱ ሲቋረጥ ያ ይጠፋል፤ ማስታወሻውና መዝገቡ አይገናኙም። የጥገናው ፕሮግራም ሥራ መዝገቡን እርስ በርሱ ማስማማት ነው። ያልተስማማለትን መስመር ይሰርዛል። የአባትሽ ፎቶ መሆኑን አያውቅም።

ስለዚህ አሁኑኑ አጥፊውና ሁለቱን ዲስኮች አውጪ። የትኛው በየትኛው ቦታ እንደነበረ ላያቸው ላይ ጻፊ። ዊንዶውስ ላይ ብትሰኪያቸው ኤክስት 4 ማንበብ ስለማይችል «ፎርማት ላድርገው?» ይልሻል፤ እምቢ በይ። በዊንዶውስ ፋንታ ኡቡንቱ የሚባለው ሲስተም በፍላሽ የሚነሳበት ኮምፒውተር ያስፈልግሻል። መጀመሪያ የዲስኩን ጤና በስማርት፣ ማለትም ዲስኩ ስለ ራሱ በሚይዘው የጤና መዝገብ፣ እዪ፤ የተበላሹ ቦታዎችን የሚቆጥሩት ቁጥር 5፣ 197 እና 198 ላይ ዜሮ ካልሆነ ችግሩ መዝገቡ ብቻ ላይሆን ይችላል፣ ዲስኩ ራሱ እየደከመ ሊሆን ይችላል። ከመልሶቹ አንዱ የደሴ ከፍታ ዲስክ ይገድላል ብሏል፤ አይደለም። ብዙዎቹ ዲስኮች እስከ 3048 ሜትር እንዲሠሩ ተደርገው ነው የወጡት፤ ደሴ 2500 አካባቢ ናት፣ ኮምቦልቻ ደግሞ ከዚያ በብዙ ዝቅ ትላለች።

ከዚያ ቅጂ። ዲስኩን እንዳለ ወደ ሌላ ዲስክ የሚገለብጠውን ዲዲሬስኪዩ (ddrescue) የሚባለውን ፕሮግራም ተጠቀሚ፤ «ማፕ ፋይል» የሚሉትን ደግሞ እንዳትተዪው። የት እንደደረሰ የሚመዘግበው እሱ ነው። ጤነኛ ባለ 4 ቴራባይት ዲስክ ከ8 እስከ 10 ሰዓት ይፈጃል፤ በአሮጌው ዩኤስቢ 2 ከሆነ ከአንድ ቀን በላይ። በዚህ ሁሉ ሰዓት መብራት ሳይሄድ አይቀርም፤ ላፕቶፕሽ በባትሪው መሥራቱን ቢቀጥልም ትልቁ ዲስክ የራሱ ቻርጀር ስላለው ይጠፋል። ማፕ ፋይሉ ካለ ያንኑ ትዕዛዝ ደግመሽ ስትሰጪው ካቆመበት ይቀጥላል፣ ከሌለ ከዜሮ ትጀምሪያለሽ። ማፑን ሌላ ፍላሽ ላይ አድርጊው እንጂ ኡቡንቱው በሜሞሪ የያዘው ቦታ ላይ አይሁን፤ ኮምፒውተሩ ሲጠፋ አብሮ ይጠፋል።

ዲስኮችሽ አንዱ የሌላው ግልባጭ ከሆኑ አንዱ ቅጂ ይበቃል። የተጣመሩ ዲስኮችን በሚያነሳው ፕሮግራም፣ በኤምዲአድም (mdadm)፣ «አሴምብል» ብለሽ፣ ለማንበብ ብቻ አድርገሽ አንሺው። «ክሬት» የሚለውን ትዕዛዝ እንዳትነኪ፤ አዲስ ሊሠራ ነው የሚነሳው።

አሁን ጥገናው፤ ቅጂው ላይ። የኤክስት 4 የጥገና ፕሮግራም የሆነውን ኢቱኤፍኤስሲኬን (e2fsck) በሰረዝ ኤን (-n) አስጀምሪው፤ ችግሩን ይነግርሻል እንጂ ምንም አይጽፍም። «ሱፐርብሎክ አላገኘሁም» ካለሽ አትደንግጪ። ሱፐርብሎክ የመዝገቡ የመጀመሪያ ገጽ ነው፤ ኤክስት 4 የዚህን ገጽ ግልባጭ በየቦታው ያስቀምጣል፤ በተለመደው የ4096 ባይት ብሎክ የመጀመሪያው ግልባጭ 32768 ላይ ነው፣ ቀጣዩ 98304 ላይ። ባለፈው ዓመት የእኔ ማከማቻ ዳግም ሲበላሽ፣ በሰረዝ ቢ (-b) 32768 ስለው ፎልደሮቹ እንዳሉ ተመለሱ፤ ስሙ የጠፋ አንድም ፋይል አልነበረም። ፋይል ሲስተምሽ ኤክስት 4 ሳይሆን ቢቲአርኤፍኤስ (Btrfs) የሚባለው ሌላው ዓይነት ከሆነ ግን ይህን የጥገና ትዕዛዝ እርሺው። የእሱ «ሪፔር» አደገኛ ነው፤ መጀመሪያ «ሪስቶር» በሚለው ፋይሎቹን ወደ ሌላ ዲስክ አውጪ።

በመጀመሪያው ብልሽት ጊዜ የተከመሩትን ፎቶዎች በውስጣቸው በተጻፈው ቀንና ሰዓት ለየኋቸው። መንዙማው ግን ቀን የለው፣ ስም የለው። ከአጎቴ ጋር ቡና እየጠጣን አንድ በአንድ ሰማነው፤ ገና አዝማቹን ሲሰማ «ይሄ ሐይቅ ከተማ የተቀዳው ነው፣ የሚቀበለው ወንድሜ ነው» ይለኛል። አራት ወር ፈጀብን። ሁለቱ ካሴቶች እስከ ዛሬ ጎደሎ ናቸው፤ ዋናዎቹም ከገለበጥኳቸው በኋላ ሻግተው ተጥለዋል። ሁለት ዲስክ አንድ ዓይነት ነገር ስለያዘ ባክአፕ ነው ብዬ አምኜ ነበር። መብራቱ መዝገቡን ሲያበላሸው ሁለቱም ላይ እኩል ነው ያበላሸው።

ሰረዝ ኤን ብለሽ የሚመጣልሽን ጽሑፍ ፎቶ አንስተሽ እዚሁ ለጥፊ፤ ከዚያ በፊት ለምንም ነገር «አዎ» አትበይ። ቅጂ የሚቀበል ዲስክ ከሌለሽ እኔ ባዶ ባለ 4 ቴራባይት አለኝ፣ መብራት ሲሄድ በባትሪ የሚይዝ ዩፒኤስም አለ። ከኮምቦልቻ ደሴ ቅርብ ነው፤ ዲስኮቹን ለየብቻ በፎጣ ጠቅልለሽ ጭንሽ ላይ ይዘሽ ነይ፣ ከሚኒባሱ ዕቃ ጋር አታስጭኛቸው።